በዲከንስና በጋስኬል ልብ ወለዶች ውስጥ የፋብሪካ ሀብትና የሰው ደረጃ

በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ስለ እንዱስትሪ ዘመን ጥያቄ በተነሣ ቁጥር መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ መጽሐፍ ያዘነብላል። ይኸውም ቻርልስ ዲከንስ «ሃርድ ታይምስ»፣ ማለትም «የመከራ ዘመን»፣ ብሎ የሰየመው ልብ ወለድ ታሪክ ነው። ኤሊዛቤት ጋስኬል በዚያው ዘመን የጻፈችው «ኖርዝ ኤንድ ሳውዝ»፣ ማለትም «ሰሜንና ደቡብ»፣ ግን እንደ ፍቅር ታሪክ ብቻ ተቈጥሮ ወደ ጎን ሲደረግ እናያለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ፍርድ እንደገና መመርመር ነው። የምንመረምረውም የትኛው ደራሲ የበለጠ ያስለቅሳል በሚል ሚዛን አይደለም፤ አዲሱ መኪና በመጣ ጊዜ ሀብት ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ፣ ከዚያም የተነሣ የሰው ደረጃ እንዴት እንደ ተለወጠ የበለጠ አስተውሎ ያሳየን ማን ነው በሚል ሚዛን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያለ ምክንያት አይደለም። ዲከንስ «ሃውስሆልድ ዎርድስ» የተባለውን ሳምንታዊ መጽሔት ያዘጋጅ ነበር። «ሃርድ ታይምስ» በዚህ መጽሔት ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ 1854 ድረስ በየሳምንቱ ወጣ። እርሱ እንዳለቀ በመስከረም የጋስኬል ታሪክ በዚያው መጽሔት ጀምሮ በጥር 1855 ተፈጸመ። ስለዚህ አንባቢዎቹ አንድ፣ ዘመኑም አንድ ነበር። ከበስተ ጀርባቸው ያለው ነገርም ተመሳሳይ ነው፤ በላንካሺር ክፍለ አገር በፕረስተን ከተማ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ከደመወዛቸው ተቀንሶባቸው የነበረው ከመቶ ዐሥር እንዲመለስላቸው ጠይቀው፣ ባለፋብሪካዎቹም በ1853 በራቸውን ዘግተው፣ ክርክሩ እስከ 1854 ድረስ ቆይቶ በሠራተኞቹ መሸነፍ ተፈጽሞአል። እንግዲህ በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት ምስክሮች አሉን ማለት ነው።

ምስክሮቹን ከመስማታችን በፊት ግን ነገሩ ራሱ ምን እንደ ነበር በአጭሩ ማስታወስ ይገባል። የጥጥ ሥራ በእንግሊዝ አገር ከቤት ወደ ፋብሪካ የተዛወረው በአንድ ጊዜ አይደለም። ጆን ኬይ በ1733 የሸማኔውን መወርወሪያ የሚያፈጥን ዘዴ ፈጠረ። ሸማኔው ሲፈጥን ፈትል አነሰው። ይህንን ጉድለት ለመሙላት ጄምስ ሃርግሪቭስ በ1760ዎቹ ብዙ እንዝርት በአንድ ጊዜ የሚያሾር መኪና ሠራ፤ ሪቻርድ አርክራይት በ1769 በውሃ ኃይል ለሚሠራው የመፍተያ መኪና የፈጠራ መብት አወጣ፤ ሳሙኤል ክሮምፕተን ደግሞ በ1779 የሁለቱን ጥበብ አዋሕዶ ቀጭንና ጠንካራ ክር የሚፈትል መኪና አወጣ። አሁን ደግሞ በተራው ፈትሉ በዛና ሸማኔው አነሰ። ኤድመንድ ካርትራይት በ1785 የሽመና መኪናን የፈጠረው በዚህ ጊዜ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለጉዳያችን የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ የፈጠረ ሁሉ ባለጸጋ አለመሆኑ ነው። ክሮምፕተን መኪናው አገሩን ሁሉ ሲያበለጽግ እርሱ ግን ከፓርላማ በ1812 ከተሰጠው 5,000 ፓውንድ በቀር ይህ ነው የሚባል ጥቅም ሳያገኝ በ1827 በድህነት ሞተ። አርክራይት በአንጻሩ ፀጉር አስተካካይና የሰው ሠራሽ ፀጉር ነጋዴ የነበረ ሰው ነው፤ የፈጠራ መብቱ በ1785 በፍርድ ቤት ቢሰረዝበትም እንኳ በ1786 የናይትነት ማዕረግ ተቀብሎ በ1792 ሲሞት እጅግ ባለጸጋ ነበር። ልዩነቱ ከዕውቀት የመጣ አይደለም። አርክራይት በ1771 በክሮምፎርድ መኪናዎቹንና ሠራተኞቹን በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ የውሃ ኃይል፣ በአንድ የሥራ ሰዓት ሰብስቦ ስለ ያዘ ነው። ሀብት የተከተለው መኪናውን ያሰበውን ሳይሆን መኪናውን የሰበሰበውን ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ አንዱ ፈጠራ ያነሣውን የሕዝብ ክፍል ሌላው ፈጠራ መጣሉ ነው። የመፍተያ መኪና በመጣ ጊዜ የእጅ ሸማኔው ተጠቀመ እንጂ አልተጎዳም። በቦልተን ከተማ በ1795 የአንድ የእጅ ሸማኔ የሳምንት ገቢ ወደ 33 ሽልንግ ደርሶ ነበር። በ1815 ወደ 14 ሽልንግ ወረደ፤ በ1829 እና በ1834 መካከል ግን 5 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ብቻ ሆነ። በዚያው ዘመን በብሪታንያ በ1813 ወደ 2,400 ይደርሱ የነበሩት የሽመና መኪናዎች በ1833 ወደ 100,000 ደረሱ። ከ33 ሽልንግ ወደ 5 ሽልንግ የወረደው ሰው ስንፍና አልያዘውም፤ እጁም አልዛለም። ሰውየው ያው ሰው፣ ሥራውም ያው ሥራ ነው። የተለወጠው ሥራው በገበያ የሚያወጣው ዋጋ ነው። መኪና መስበር የጀመሩትን ሠራተኞች ፓርላማው በ1812 በሞት የሚያስቀጣ ሕግ ሲያወጣባቸው፣ ገጣሚው ሎርድ ባይረን በመኳንንቱ ምክር ቤት ተነሥቶ ሕጉን ተቃውሞ መናገሩ የታወቀ ነው። በ1832 በወጣው የምርጫ ሕግ ማንቸስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ለዚያ ዘመን ፓርላማ የራስዋን እንደራሴዎች ስትልክ ባለፋብሪካው የምርጫ ድምፅ አገኘ፤ ሠራተኛው ግን በቂ ንብረት ስለሌለው ከደጅ ቀረ።

እንግዲህ ስለ እንዱስትሪ ዘመን የሚጽፍ ደራሲ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ማን የመኪናው ባለቤት ሆነ? ገንዘቡስ ከየት መጣ? የወደቀውስ በምን ወደቀ?

ከዲከንስ እንጀምር። በ«ሃርድ ታይምስ» ውስጥ ኮክታውን የምትባለው ከተማ በጢስና በቀይ ጡብ የተሠራች ናት። በውስጧ ሦስት ዓይነት ሰዎች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው ነገር ሁሉ በቊጥርና በተጨባጭ ማስረጃ ብቻ ይመዘን የሚለው ግራድግራይንድ ነው። ሁለተኛው የባንክና የፋብሪካ ባለቤት የሆነው ባውንደርቢ ነው። ሦስተኛው በእንፋሎት ኃይል በሚንቀሳቀስ የሽመና መኪና ላይ የሚሠራው ድኻ፣ ስቲቨን ብላክፑል ነው።

ዲከንስ ሊመሰገን የሚገባው በሁለት ቦታ ነው። በመጀመሪያ፣ ሕግ ራሱ ዋጋ ያለው ዕቃ መሆኑን በግልጽ አሳይቶአል። ስቲቨን ከሰካራም ሚስቱ ሊፋታ ፈልጎ ባውንደርቢን ምክር ሲጠይቅ፣ ለፍቺ የሚያስፈልገው ወጪ አንድ ሺህና ከዚያ በላይ ፓውንድ መሆኑን ይነገረዋል። በእንግሊዝ አገር የፍቺ ጉዳይ ወደ ተራ ፍርድ ቤት የወረደው በ1857 በወጣ ሕግ ነው፤ ከዚያ በፊት በፓርላማ የግል ሕግ ማስወጣት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ደራሲው የሠራተኛውን የልብ ሐዘን ከኪሱ ጋር አያይዞ ማሳየቱ እውነተኛ አስተውሎት ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ራሴን በራሴ ያሳደግሁ ነኝ» የሚለውን የባለጸጋ ትምክሕት ማጋለጡ ነው። ባውንደርቢ በጉድጓድ ተወልጄ በረኀብ ያደግሁ ነኝ እያለ ይፎክራል፤ በመጨረሻ ግን እናቱ ተገኝታ ትንሽ ሱቅ ይዛ እርሱን ያስተማረች ደግ ሴት መሆኗ ይታወቃል። ልጇም በዓመት 30 ፓውንድ እየቈረጠላት ወደ እርሱ እንዳትቀርብ ከልክሎአት ኖሮአል። በቤቱ ደግሞ ከታላቅ ዘር የተወለደች፣ ሀብቷ ግን ያለቀባት ወይዘሮ ስፓርሲት በደመወዝ ትኖራለች። አዲሱ ሀብት የድሮውን ዘር ቤት ጠባቂ አድርጎ ሲቀጥረው በዚህ እናያለን፤ ሥዕሉ አጭርና ጥሩ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ወዲያ ዲከንስን አጥብቀን ብንጠይቀው መልስ አናገኝም። ባውንደርቢ በጉድጓድ አለመወለዱን ነገረን፤ የፋብሪካና የባንክ ባለቤት እንዴት እንደ ሆነ ግን አልነገረንም። የአንድ ሱቅ ባለቤት የሆነች ድኻ ሴት ልጅ ከአንድ የሥራ ልምምድ ተነሥቶ ባንክ እስከ መክፈት የደረሰበት መንገድ የዘመኑ ዋና ጥያቄ ነው። ደራሲው ግን ሐሰተኛውን ታሪክ አፍርሶ እውነተኛውን ሳይተካ አለፈ። መኪናውም እንዲሁ ነው። በኮክታውን መኪናዎች ይጮኻሉ፣ ይጨሳሉ፣ ራሱን እንደሚነቀንቅ ያበደ ዝሆን ይመሰላሉ፤ የማን ገንዘብ ገዛቸው፣ ምን ያህል ያተርፋሉ፣ ሲበላሹ ማን ይከስራል የሚለው ግን አይነሣም። ከዚህም የተነሣ አንባቢው የኮክታውን መከራ ሁሉ ከግራድግራይንድ አስተሳሰብ የመጣ ይመስለዋል። ሰዎች ትንሽ ምናብ፣ ትንሽ ጨዋታ፣ ትንሽ ርኅራኄ ቢጨምሩ ኖሮ ነገሩ ይቃና ነበር ወደ ማለት ይደርሳል። የቦልተኑን ሸማኔ ከ33 ሽልንግ ወደ 5 ሽልንግ ያወረደው ግን የምናብ ማነስ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ዲከንስ የተሻለውን ማወቁ ነው። በጥር 1854 ወደ ፕረስተን ሄዶ የሠራተኞቹን ስብሰባ በዐይኑ አይቶአል። በየካቲት ወር በመጽሔቱ ባወጣው ጽሑፍ ላይ የሠራተኞቹን ሥርዓትና ጨዋነት መስክሮላቸዋል። በልብ ወለዱ ውስጥ ግን የሠራተኞቹን ማኅበር የሚወክለው ስላክብሪጅ የተባለ አፈ ቀላጤ ነው፤ ጓደኞቹም እርሱን ሰምተው ስቲቨንን ያገልላሉ። ሄንሪ ሞርሊ በዚያው መጽሔት በሚያዝያ 22 ቀን 1854 መኪና ስለሚቈርጣቸውና ስለሚፈጫቸው ሠራተኞች ጽፎ ነበር። ዲከንስም በመጀመሪያ ጽሑፉ የራቸልን እኅት ክንድ መኪና እንደ ቀማት የሚያነሣ ክፍል ነበረው፤ በታተመው መጽሐፍ ግን ይህ ክፍል ወጥቶአል። ስቲቨንም የሚሞተው በፋብሪካ ውስጥ ሳይሆን በተተወ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ነው። ጋዜጠኛው ያየውን ደራሲው ትቶታል ብንል የተጋነነ አይሆንም።

ታላቁ ሐያሲ ኤፍ. አር. ሊቪስ በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ «ሃርድ ታይምስ»ን ከዲከንስ ሥራዎች ሁሉ ለይቶ እንደ ፍጹም የምሳሌ ታሪክ አድርጎ አወድሶታል። ምሳሌነቱን እኛም አንክድም። ምሳሌ ግን ስለ ሰው ጠባይ ያስተምራል እንጂ ስለ ንብረት መተላለፍ አያስተምርም። ሊቪስ የመሰከረለትን ውበት እንደ ማኅበራዊ ታሪክ ማስረጃ አድርገን ከወሰድን ስሕተቱ የእኛ የአንባቢዎቹ ይሆናል።

አሁን ወደ ጋስኬል እንለፍ። ጋስኬል ከ1832 ጀምሮ የሰባኪ ሚስት ሆና በማንቸስተር የኖረች ናት። በመጽሐፏ ውስጥ ሚልተን ብላ የሰየመቻት ከተማ ማንቸስተር መሆኗን አንባቢ ሁሉ ያውቃል። ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ማርጋሬት ሄይል የተባለች የገጠር ቄስ ልጅ፣ አባቷ በሃይማኖቱ ጥርጣሬ ገብቶት ቅስናውን ስለ ተወ፣ ከደቡብ ወደ ሚልተን ትመጣለች። እዚያም ቶርንተን ከተባለ የጥጥ ፋብሪካ ባለቤትና ሂጊንስ ከተባለ የሠራተኞች ማኅበር አባል ጋር ትተዋወቃለች፤ አድማ ይነሣል፤ በመጨረሻም ማርጋሬትና ቶርንተን ይፋቀራሉ።

ጋስኬልን ከዲከንስ የሚለያት የመጀመሪያው ነገር ዋጋ መጥቀሷ ነው። የሂጊንስ ልጅ ቤሲ ጥጥ በሚነደፍበት ክፍል ውስጥ ሠርታ ብናኙ ሳንባዋን ስለ በላው በወጣትነቷ ትሞታለች። ይህን በዲከንስ ብዕር ብናገኘው በእንባ ብቻ ያልፍ ነበር። ጋስኬል ግን ብናኙን ጠርጎ የሚያወጣ ተሽከርካሪ መንኰራኵር እንደ ነበረ፣ ዋጋውም ከ500 እስከ 600 ፓውንድ እንደሆነና ትርፍ ስለማያመጣ አንዳንድ ባለፋብሪካዎች እንዳልገዙት በቤሲ አፍ ታናግራለች። ይህም ብቻ አይደለም፤ ብናኙን መዋጥ የለመዱ አንዳንድ ሠራተኞች መንኰራኵሩ ሲገባ ረኀብ እንደሚጠናባቸው ተናግረው ደመወዝ እንዲጨመርላቸው እንደ ጠየቁ ጨምራ ትነግረናለች። በዚህ አንድ ንግግር ውስጥ አንድ አዲስ ፈጠራ፣ ዋጋው፣ የሚገዛው ሰው ስሌትና የሚሞተው ሰው ስሌት በአንድነት ተቀምጠዋል። የባለፋብሪካው ልብ ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም ቤሲ የሞተችው፤ መንኰራኵሩን የገዛ ባለፋብሪካ ካልገዛው ጎረቤቱ ጋር በአንድ ገበያ ላይ ስለሚወዳደር ነው።

ሁለተኛው ቶርንተን እንዴት ባለፋብሪካ እንደ ሆነ መናገሯ ነው። አባቱ ከስሮ ራሱን ገደለ። ልጁ በጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተቀጥሮ በሳምንት 15 ሽልንግ እያገኘ ሦስት ነፍስ ያስተዳድር ነበር፤ እናቱም ከዚያው ላይ በየሳምንቱ ሦስት ሽልንግ እንዲቈጥብ አደረገችው። ቶርንተን ደረጃው ሁሉ ከዚህ ቊጠባ እንደ መጣ ያምናል፤ ሠራተኞቹንም በዚህ ሚዛን ይፈርድባቸዋል።

እዚህ ላይ ደራሲዋ ራሷ የሰጠችንን ቊጥሮች ይዘን እንቊጠር። ሦስት ሽልንግ በሳምንት በዓመት 156 ሽልንግ፣ ማለትም ሰባት ፓውንድ ከ16 ሽልንግ ይሆናል። የቤሲን ነፍስ ያድን የነበረውን የ600 ፓውንድ መንኰራኵር ብቻ በዚህ ቊጠባ ለመግዛት ወደ 77 ዓመት ያስፈልጋል። ፋብሪካውን፣ የእንፋሎት መኪናውን፣ የሽመና መኪናዎቹን ገና አልቈጠርንም። ስለዚህ ቶርንተን ሠራተኛውን ሲወቅስ የሚጠቅሰው ምክንያት በራሱ መጽሐፍ ቊጥር ይፈርሳል። ቊጠባው ጠባዩን አጽንቶለት ሊሆን ይችላል፤ ፋብሪካውን ግን አልሠራለትም። ፋብሪካው የተሠራው በሌላ ሰው ገንዘብ ነው።

ይህ ሌላ ሰው ማን እንደሆነ በታሪኩ መጨረሻ ይገለጣል። ቶርንተን ከአድማው በኋላ ይከስራል። እኅቱን ያገባው ሰው ያቀረበለትን አስጊ የገንዘብ ንግድ፣ የአበዳሪዎቼን ገንዘብ አደጋ ላይ አልጥልም ብሎ ይተዋል፤ ያ ንግድ ግን ያተርፋል። ታማኙ ወደቀ፣ ቊማርተኛው ከበረ። በዚህ ጊዜ ማርጋሬት ከአባቷ ወዳጅ ከሚስተር ቤል በወረሰችው ገንዘብ ልታድነው ትነሣለች፤ በባንክ ከመቶ ሁለት ተኩል ብቻ እየወለደ የተቀመጠ 18,057 ፓውንድ አላት።

ሬይመንድ ዊሊያምስ በ1958 ባወጣው መጽሐፉ የዚህን ዘመን የእንዱስትሪ ልብ ወለዶች በአንድነት መርምሮ ደራስያኑ ለሠራተኛው እያዘኑ፣ ነገር ግን አመፁን እየፈሩ፣ መጨረሻ ላይ እንደሚያፈገፍጉ አስተውሎአል። ውርስ መጥቶ ነገሩን መፍታቱንም እንደ ማምለጫ በር ቈጥሮታል። ፍርዱ በአብዛኛው ትክክል ነው፤ በውርሱ ጉዳይ ግን ከእርሱ የምንለይበት ምክንያት አለን። ሚስተር ቤል በኦክስፎርድ የሚኖር ሊቅ ሲሆን በተወለደባት በሚልተን ርስት ነበረው፤ የቶርንተን ፋብሪካ የቆመውም በእርሱ መሬት ላይ ነው። ከተማዋ በፋብሪካ ምክንያት ስታድግ የርስቱ ዋጋ አብሮ አደገ። ሰውየው አንድ መኪና አልገዛም፤ አንድ ሠራተኛ አልቀጠረም፤ በሚልተን እንኳ አልኖረም። ግን በለጸገ። እንግዲህ ያ ውርስ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የሂጊንስና የቤሲ ድካም፣ የቶርንተንም ንግድ በመሬት ኪራይ በኩል ዞሮ ወደ ኦክስፎርድ ከሄደ በኋላ ብድር ሆኖ ወደ ሚልተን የተመለሰ ነው። የ18,057 ፓውንዱ ወለድ ብቻ በዓመት ከ450 ፓውንድ ይበልጣል፤ ይህም ወጣቱ ቶርንተን በሱቅ ውስጥ ቆሞ ያገኝ ከነበረው ደመወዝ ከ11 እጥፍ በላይ ነው። ዊሊያምስ እንደ ማምለጫ ያየውን በር እኛ የምናየው ደራሲዋ ሳታስበው እንኳ ቢሆን ያቀረበችው ትክክለኛ የሒሳብ መዝገብ አድርገን ነው። የአዲሱ እንዱስትሪ ባለጸጋና የድሮው ባለርስት ጠላቶች አልነበሩም፤ አንዱ ሌላውን ያከራይና ያበድር ነበር፤ በመጨረሻም ተጋቡ።

ሦስተኛው፣ ጋስኬል የደረጃን ለውጥ በትንንሽ የቤት ነገር ውስጥ ማየቷ ነው። የማርጋሬት ቤተሰብ በሚልተን የቤት ሠራተኛ ፍለጋ ይቸገራል፤ ልጃገረዶቹ ለሰው ቤት ከማደር ይልቅ ፋብሪካ ገብተው የተሻለ ደመወዝና የራሳቸውን ማታ ማግኘት ይመርጣሉ። ቶርንተንም ከሀብቱ በኋላ ከማርጋሬት አባት የጥንት ግሪኮችን መጻሕፍት ይማራል፤ ገንዘቡ ደረጃውን እንዳልሞላለት ያውቃልና። ድኻዋ ልጃገረድ ከእመቤቷ የምትላቀቅበት መንገድ፣ ባለፋብሪካውም ወደ መኳንንቱ የሚጠጋበት መንገድ በአንዲት ከተማ ውስጥ ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው ሲሄዱ ይታያሉ።

ይህን ሁሉ ስንል ጋስኬል ጉድለት የለባትም ማለታችን አይደለም። ቶርንተን ከሠራተኞቹ ጋር አብሮ የሚመገብበት አዳራሽ ማቋቋሙና ከሂጊንስ ጋር መግባባቱ ደግ ነገር ነው፤ የደመወዙ ጥያቄ ግን እንደ ተነሣ ይቀራል። አድማውን የሚያፈርሰው የቦውቸር ረኀብ ነው፤ ቦውቸርም በመጨረሻ በማቅለሚያ በተበከለ ጥልቀት በሌለው ጅረት ውስጥ ራሱን ያጠፋል፤ የሞቱ ዕዳ በአብዛኛው በማኅበሩ ላይ እንዲወድቅ ተደርጎ ተጽፎአል። የሠራተኞች ማኅበር ማቋቋም ራሱ እስከ 1824 ድረስ በሕግ ተከልክሎ እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ሚዛን ትንሽ ያዘነበለ ነው።

ሁለቱንም ደራስያን የሚያገናኝ የከበደ ጉድለት ደግሞ አለ። በሁለቱም መጻሕፍት ውስጥ ጥጡ በፋብሪካው በር ላይ እንደ ተገኘ ሆኖ ይጀምራል። በ1854 ላንካሺር ይፈትለውና ይሸምነው የነበረው ጥጥ አብዛኛው የመጣው ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሲሆን፣ የተመረተውም በባሪያዎች ጉልበት ነው። ኤላይ ዊትኒ በ1790ዎቹ ጥጥን ከፍሬው የሚለይ መዳመጫ መኪና ከሠራ በኋላ በዚያ አገር የጥጥ እርሻና ባርነት አብረው ተስፋፉ። አንዱ ፈጠራ በላንካሺር ገበሬውን ወደ ደመወዝ ሠራተኛነት ሲለውጥ፣ ሌላው ፈጠራ በሚሲሲፒ ባሪያውን በባርነቱ አጸናው። የጋስኬል መጽሐፍ ስሙ «ሰሜንና ደቡብ» ነው፤ ሚልተንን የሚመግባት እውነተኛው ደቡብ ግን የማርጋሬት የትውልድ መንደር ሳይሆን የአሜሪካ የጥጥ እርሻ ነበር። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1861 ተነሥቶ ጥጡ በተቋረጠ ጊዜ የላንካሺር ሠራተኛ ሥራ አጥቶ ሲራብ ይህ ግንኙነት ለሁሉ ተገለጠ። ደራስያኑ ከሰባት ዓመት በፊት ሲጽፉ ግን አንባቢያቸው የለበሰው ልብስ ከየት እንደ መጣ አልጠየቁም። የእንዱስትሪን ሀብት ታሪክ ከአንዲት ከተማ ቅጥር ውስጥ ብቻ መጻፍ እንደማይቻል ከዚህ እንማራለን።

የእጅ ሸማኔውም በሁለቱም መጻሕፍት ውስጥ የለም። በ1854 ሙያው ሊጠፋ ተቃርቦ ስለ ነበር ደራስያኑን አጥብቀን አንወቅስም። መቅረቱ ግን ሥዕሉን ያዛባዋል፤ ሠራተኛው ከመጀመሪያው ጀምሮ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ ስለሚቀርብ ቀድሞ የራሱ ዕቃ፣ የራሱ ሰዓትና የራሱ ክብር የነበረው ሰው መሆኑ ይረሳል።

በአገራችን ይህን የሚያነብ ሰው አንድ ልዩነት ሳያስተውል አይቀርም። የእንግሊዙ ሸማኔ የተከበረ ሆኖ ሳለ መኪና ጣለው። የእኛ ሸማኔ ግን አንድም የሽመና መኪና በአገሩ ሳይኖር በስድብ ስም ይጠራ ነበር፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የእጅ ሙያተኞችን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው የታወቀ ነው። ከዚያም በውጭ አገር መኪና የተሸመነው አቡጀዴ ገበያችንን ሲሞላ የእጅ ሸማኔው አልጠፋም። ዛሬም ብዙ ጊዜ ድሩን በፋብሪካ ፈትል እያደረገ ጋቢና ነጠላ ይሠራል፤ ማለት የላንካሺር ሸማኔ የመፍተያ መኪና በመጣበት ዘመን ያደርግ የነበረውን ያደርጋል። ስለዚህ መኪና ብቻውን የሰውን ደረጃ አይወስንም፤ ቀድሞ የነበረው ልማድና ንብረቱ በማን እጅ መሆኑ አብረው ይወስናሉ። የእንግሊዝን ታሪክ እንደ አንድ የማይቀር መንገድ አድርገን በአገራችን ላይ እንዳንጭነው ይህ ያስጠነቅቀናል።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። «ሃርድ ታይምስ» በቋንቋው ኃይልና በስላቁ ይበልጣል፤ ስለ አንድ ዘመን አስተሳሰብ ለሚያጠና ተማሪ አስፈላጊ ነው። ስለ ሀብትና ስለ መደብ መለወጥ ለሚያጠና ተማሪ ግን «ኖርዝ ኤንድ ሳውዝ» የተሻለ ምስክር ነው፤ የመንኰራኵሩን ዋጋ፣ የሱቅ ሠራተኛውን ደመወዝ፣ የርስቱን ኪራይና የባንኩን ወለድ በየቦታው ትቶልናልና። መምህራን ሁለቱን መጻሕፍት አንድ ላይ ቢያስነብቡ፣ ተማሪዎችም የቦልተኑን ሸማኔ የደመወዝ ቊጥር አጠገባቸው አድርገው ቢያነቧቸው መልካም ነው። እንዲህ ያነበበ ሰው በማንኛውም አገር አዲስ ፋብሪካ ሲቆም ስንት ሰው ተቀጠረ ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ መሬቱ የማን ነው፣ ገንዘቡ የማን ነው፣ ብናኙንስ ማን ይተነፍሰዋል ብሎ መጠየቅን ይለምዳል።